ያልነጣው ማሳ

ጠዋት ጠዋት፣ አራሚው ከመምጣቱ በፊት፣ የነጭ ሜዳ ሴቶች ጎመን ይሸፍናሉ። ከገበያ የመጣ ጎመን፣ ለጠላ የተቀነጠሰ ጌሾ፣ ለጉንፋን የተቀመጠ ዳማ ከሴ፣ ከስንዴ ቅጠል የሰፋ አረንጓዴ ነገር ሁሉ በጨርቅ ይጠቀለላል ወይም ወደ ቤት ይገባል። የሕፃናት ልብስ ከገመድ ይወርዳል፤ የውኃ በርሜል ይከደናል። ጥቂት ቆይቶ እንደ ጢንዚዛ የሚያጉረመርም ድምፅ ከኮረብታው በኩል ይሰማል። አራሚው፣ ሰው የማይነዳው በራሪ መሣሪያ፣ ከማሳ ማሳ እየበረረ ያያል። ሰፊ ቅጠል ካየ ዝቅ ይልና ይረጫል። ማንንም አይጠይቅም።

አንድ ዓመት አንዲት ሙሽራ እቅፍ አበባ ይዛ ከመኪና ስትወርድ ተረጭታለች። ሠርጉ አልተቋረጠም። ቬሎዋ ታጠበ፤ አበባው በማግስቱ ጠወለገ፤ ፎቶግራፉ ግን አምሮ ወጣ። በነጭ ሜዳ ይህ ታሪክ የሚወራው እንደ ቀልድ ነው።

ቀበሌዋ ድሮ ሌላ ስም ነበራት። ነጭ ሜዳ የተባለችው ኖራ ከመጣ ወዲህ ነው። የአካባቢው አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ፣ ስንዴው እንዲያምርበት በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ኖራ ይበተንበታል። መጀመሪያ ዘመቻ ነበር፤ ቀጥሎ ልማድ ሆነ፤ በመጨረሻ ክብር ሆነ። በኖራው ሳምንት ሰው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ማሳን ከማሳ ያወዳድራል። ልጁን የሚድር ሰው አስቀድሞ የአማቾቹን ማሳ ንጣት ያያል። ማሳው ያልነጣ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ ከቤተሰቡ ተጣልቷል ይባላል።

የሚኮሩበት ሌላም ነገር ነበራቸው። ማሳውን በሙሉ ፀረ አረም መርጨት ካቆሙ ብዙ ዓመት አልፏል። በአያቶቻቸው ዘመን ሲረጭ የኖረው መድኃኒት አፈሩ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ከስንዴው በቀር ምንም አይበቅልም። አራሚው የሚመጣው ለጥንቃቄ ያህል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘውም የሰው ጎመን ነው። ለእንግዳ ሲያወሩ፣ የእኛ መሬት መድኃኒት አይፈልግም፣ ራሱ መድኃኒት ነው ይላሉ። ባቄላና አተር ከሩቅ አገር በመኪና ይመጣሉ። የባቄላ ተክል በዓይኑ ያየ ሰው በቀበሌዋ አልነበረም።

ባንቺአምላክ የምትሠራው የጫማ ኬላው ላይ ነው። የአንዱ ማሳ አፈር ወደ ሌላው እንዳይሄድ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ እዚያ ቆሞ ጫማውን ያጥባል። እሷ ውኃውን ትከፍታለች፤ የጫማውን ሶል ገልብጣ ታያለች፤ ንጹሕ ሲሆን "እለፍ" ትላለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ማሳዋ ትሄዳለች። ባሏ አየነው የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ጠዋት ይተኛል።

ማሳቸው ደክሞ ነበር። በስንዴ ላይ ስንዴ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ስንዴ ሲዘራበት ኖሮ፣ ምርቱ ከዓመት ዓመት ያንስ ነበር። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው። በተከታታይ ሦስት መኸር ከተወሰነው በታች ያመረተ ማሳ ከባለቤቱ ተወስዶ ወረዳው ከሚያስተዳድረው ታላቅ እርሻ ጋር ይቀላቀላል። ከዚህ የሚያመልጠው "ክፍት" የተባለ ማሳ ብቻ ነው፤ አፈሩ ከመድኃኒቱ ነጻ መሆኑ በወረዳው መርማሪ የተረጋገጠለት ማሳ። ክፍት ማሳ ላይ ባለቤቱ የፈለገውን ይዘራል፤ ባቄላ ዘርቶ መሬቱን ያሳርፋል፤ የሚወስድበትም የለም። በነጭ ሜዳ ክፍት ማሳ ኖሮ አያውቅም።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሣው ይበልጣል ነው። ይበልጣል የቀበሌዋ የአፈር ባለሙያ ሲሆን፣ ሰው ፊት ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጠፋው ወጣት ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ መድኃኒቱን አፈሩ ውስጥ ያቆየው ኖራው ነው አለ። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እየተሰባበረ ያልቅ ነበር፤ ኖራው የአፈሩን ኮምጣጣነት ሲያበርደው ለመድኃኒቱ ዕድሜ ሰጠው። ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ፣ ኖራ ጠላታችን ነው ልትለን ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ይበልጣል፣ ኖራ ለስንዴው መልካም መሆኑን፣ ለመድኃኒቱም እንዲሁ መልካም መሆኑን ተናግሮ ተቀመጠ።

ሲመለስ ኬላው ላይ ጫማውን እያየችለት ባንቺአምላክ ጠየቀችው። ኖራውን ብትተው ስንዴው አይሞትባትም ወይ?

ይጎዳል እንጂ አይሞትም አላት። በኖራው ፈንታ ብስባሽ ማልበስ ነው። እበት፣ የበሰበሰ ገለባ፣ ከቤት የሚወጣ ትራፊ። ብስባሹ የአፈሩን ክፋት ትንሽ ያለዝበዋል፤ ደግሞም አፈር ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ይመግባል፤ እነሱ ሲበረቱ መድኃኒቱን ይቆራርጡታል። አመድ እንዳትጨምር አስጠነቀቃት፤ አመድም እንደ ኖራ ነው። ከሰልም አይሆንም። ከሰል መድኃኒቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል እንጂ አይጨርሰውም። በታችኛው ቀበሌ ሞክረውት አንድ ዓመት አረንጓዴ አይተው ጨፈሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ቢጫ ሆነ። ወረዳው ከዚያ ወዲህ ቅጠል ብቻ አይቶ አያምንም፤ አፈሩንም ይለካል።

"ስንት ዓመት ይፈጃል?" አለችው።

"አላውቅም እትዬ ባንቺ። እዚህ አገር የሞከረ ሰው የለም።"

ይህ መልስ ለምን ደስ እንዳሰኛት ኋላ ስትጠየቅ ማስረዳት አልቻለችም። በሚቀጥለው ግንቦት ቀበሌው በሙሉ ነጣ፤ ከኮረብታው ላይ ሲታይ መሀል ላይ አንድ ቡናማ ቁራጭ ቀረ።

አየነው ነገሩን ችሎ ለመኖር ብዙ መንገድ ሞከረ። መጀመሪያ ኖራው ዘግይቶብን ነው አለ። ቀጥሎ ወደ መጋዘኑ የሚሄድበትን መንገድ ቀየረ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንጀራውን ቆርሶ በእጁ እንደያዘ አልጎረሰውም።

"ሴትዮ፣ ሰው ሞቶባቸዋል ይላሉ እኮ። ማን ሞተባችሁ ሲሉኝ ምን ልበል?"

"መድኃኒቱ ሊሞት ነው በላቸው።"

"እስኪ አንቺው በያቸው" አለና ጎረሰ።

እበት እንደልብ አልነበረም፤ ከብት የሚያረባ ቤት ጥቂት ነው። የጠላ አተላ ግን ሞልቷል። ባንቺአምላክ ከሥራ ስትወጣ ባልዲ ይዛ ከቤት ቤት እየዞረች አተላ ትሰበስባለች፤ ከገለባና ከእበት ጋር እየደራረበች በማሳዋ ዳር ታበሰብሳለች። ሽታው መንገድ ድረስ ይደርሳል። ልጆች "አተላዋ መጣች" ይሏታል። ከሁሉ የባሰችው ግን ጎረቤቷ እትዬ ትዋበች ናት። የሁለቱ ማሳ የሚለየው በአንድ ድንበር ብቻ ነው። ትዋበች ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታርስ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን ምንም የማያማት ሴት ናት። ኖራዋን በወንፊት ነፍታ ነው የምትበትነው። በቀበሌው ውስጥ የእሷን ማሳ የሚያህል ነጭ የለም፤ ይህንንም የማያውቅ ሰው ካለ ትነግረዋለች።

"ባንቺ፣ ለማሳሽ ጠላ ልታጠጪው ነው?" አለቻት በድንበሩ ላይ ቆማ። "አይፈረድብሽም። ያንን ስንዴ እያዩ ሳይሰክሩ መኖር አይቻልም።"

"አተላውን ነው እትዬ። ጠላው ለእርስዎ ነው።"

ትዋበች ሳቋን አልደበቀችም። የሚቀጥለው ሳምንት የራሷን አተላ በባልዲ አድርጋ ድንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ለአክብሮት ሳይሆን ቤቷ እንዳይሸት መሆኑንም ተናገረች።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። በቡናማው ማሳ ላይ ስንዴው ሳሳ፤ ምርቱ አንዴ ከተወሰነው በታች ወረደ፤ በተከታዩ ዓመትም ወረደ። ሦስተኛው መኸር ሲዘራ ሁሉም ሰው ነገሩን ያውቀው ነበር። የወረዳው መርማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም፣ ወደ ነጭ ሜዳ ትመጣለች። ያን ቀን ማሳው ክፍት ካልተባለ፣ ከአጨዳ በኋላ የባንቺአምላክ አይደለም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ አራሚው ለቀናት ሳይበርር ቀረ። ሲያባራ ባንቺአምላክ ማሳዋን ልታይ ሄደች። መሀል አካባቢ፣ በሳሳው ስንዴ ውስጥ፣ ሰፋ ሰፋ ያሉ ቅጠሎች ያሉት ተክል ቆሟል። መጀመሪያ የታሰባት ከሰው እጅ የወደቀ የጎመን ችግኝ እንደሆነ ነው። ሥር እንዳለው ለማየት ጎንበስ አለች። ነካ ስታደርገው አልነቃነቅ አላት። ይበልጣልን ጠራችው።

ይበልጣል ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ቅጠሉን ከታች አየው፤ ግንዱን አየው፤ ከስልኩ ምስል ጋር አስተያየው። ሲነሣ ጉልበቱን ማራገፍ ረሳ።

"መጭ ይባላል" አለ። "አረም ነው።"

ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የመጣው አየነው፣ ቤቱ ሌባ እንደገባ የተነገረው ሰው መሰለ። አረም የሚለውን ቃል ነጭ ሜዳ ውስጥ የሚጠቀሙበት ለስድብ ነው። በማሳቸው አረም ወጣ ማለት፣ ከእንግዲህ ውርደቱ ማሳው ቡናማ መሆኑ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይበልጣል ግን ወረዳው የሚጠይቀውን ነገራቸው። ማንም ያልዘራው፣ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል፣ ከራሱ ከአፈሩ በቅሎ መርማሪዋ በምትመጣበት ቀን ለምልሞ መታየት አለበት። መሸፈን አይፈቀድም፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን የተሸፈነ ተክል አይቆጠርም። ከዚያ ከሥሩ ያለው አፈር ይለካል። ማሳው ደግሞ ለዓመታት ኖራ ያልተጨመረበት መሆን አለበት፤ ኖራ በነካው ቦታ የተገኘ ተክል አይቆጠርም። ይህ ሁሉ እያለ፣ ነገ ጠዋት አራሚው ይመጣል፤ ሰፊ ቅጠል ያያል፤ ይረጫል።

"ሰው ላይ ይረጫል?" አለች ባንቺአምላክ።

ይበልጣል አሰበ። ሰው የቆመበት ማሳ ላይ እንዳይወርድ ታዟል አለ። ሙሽራዋ የተረጨችው መንገድ ላይ ስለነበረች ነው።

"እንግዲያው እንቆማለን።"

አራሚው የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ፣ ጠዋቱን ሙሉ መቆም ያስፈልግ ነበር። ባንቺአምላክ ጠዋት ኬላ ላይ ናት። ስለዚህ የቆመው አየነው ነው። ከሌሊት ጥበቃው በቀጥታ ወደ ማሳው ይመጣና፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለተክሉ፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቆማል። የሚያልፍ ሰው ሲጠይቀው መኪና እየጠበቅሁ ነው ይላል። በዚያ መንገድ መኪና የሚያልፈው አልፎ አልፎ መሆኑን ጠያቂውም ያውቃል። አራሚው በየጠዋቱ መጥቶ ከማሳው በላይ ጥቂት ያንዣብባል፤ አየነው ጃንጥላውን ዝቅ ያደርጋል፤ አራሚው ይሄዳል።

አንድ ጠዋት በላይኛው ሰፈር ሰው ሞተ። አየነው ከአስከሬን ተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ለዕድሩ ዳኛ የሚሰጠውን ምክንያት ቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሞከረው፤ "አረም እየጠበቅሁ ነው" የሚለውን ሲሰማው ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ባንቺአምላክም ከሥራዋ መቅረት አትችልም፤ ለቀስተኛው ከየቀበሌው የሚመጣው በኬላው በኩል ነው። በሩጫ ወደ ትዋበች ሄደች። ትዋበች በጉልበቷ ምክንያት ቀብር አትሄድም።

"እኔ?" አለች ትዋበች። "እኔ አረም ልጠብቅ? ባሌ ከመቃብር ተነሥቶ ይታዘበኛል።"

"ለዛሬ ብቻ እትዬ። ለዛሬ ጠዋት ብቻ።"

"ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ማሳሽ ሲወሰድ የሚረከቡት ሰዎች ቢያንስ ኖራ ይበትኑበታል።"

ባንቺአምላክ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ኬላው ላይ ቆማ የለቀስተኛውን ጫማ ስታይ አንዱንም አላየችም። የማንኛውን ጫማ ሁለት ጊዜ እንዳሳጠበች፣ የማንኛውን ጭቃ እንዳለ እንዳሳለፈች አታውቅም። የአራሚው የጢንዚዛ ድምፅ ከኮረብታው በኩል ሲሰማ ቀና አለች። ከሩቅ፣ በቡናማው ማሳ ውስጥ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ይታያል። አራሚው ከማሳው በላይ አንዣበበ። ነጠላ የለበሰችው ሴት አንድ ረዥም ነገር፣ ምርኩዝ ይመስላል፣ ወደ ሰማይ ቀሰረች። አራሚው ሄደ።

ሥራዋን ስትጨርስ ሄደች። ትዋበች ከተክሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ" አለች ገና ሳትደርስ። "ሲረጭ ነፋሱ ወደ እኔ ማሳ ነው የሚያመጣው። የነፋኋትን ኖራ እንዲያበላሽብኝ ነው?"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።"

"እና ደግሞ" አለች ትዋበች፣ ምርኩዟን ወደ ተክሉ አመልክታ፣ "ከመሀል አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው። የምትጠብቁትን ነገር አታዩም እንዴ? ያ ባልሽ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚውል።"

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ትዋበች ያዘችው። አየነው ዘበኛ ነው፣ ይተኛበት አለች። ለአጨዳ እንደሚደረገው ወንፈል ጠራች፤ ጎረቤት ለጎረቤት በተራ የሚሠራበት የድሮ ልማድ ነው። ወንፈል ለአረም የተጠራበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ያኔም ቢሆን ለመንቀል እንጂ ለመጠበቅ አልነበረም። አንዳንዱ የመጣው ሊስቅ ነው። ሊስቅ የመጣውም ተራው ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ድንበሩ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ቀጥሎ ቀረብ አሉ። የቤት ሥራ የበዛባት ሴት ፈትሏን ይዛ መጥታ እዚያው ትፈትላለች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ስለ ቀበሌው የድሮ ስም ይከራከራሉ። ከታችኛው ቀበሌ ሰው ሲያልፍ፣ የነጭ ሜዳ ሰዎች ሳይጠየቁ "አረም እየጠበቅን ነው" ማለት ጀመሩ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር። እናንተ አላችሁ? ይሉታል። ሰውየው ምን እንደሚመልስ ጠፍቶት ሲሄድ ከኋላው ይሳሳቃሉ። አየነው እንኳን አንድ ቀን ሳይጠሩት መጥቶ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ተክሉ አዙሮ ቆመ።

ባንቺአምላክ ግን ከሰው ጋር ስትስቅም ሆዷ አይስቅም ነበር። ስንዴው ከዓምናውም የሳሳ ነበር። ይህች አንዲት ተክል ብትጠወልግ ሌላ ነገር የላትም።

መርማሪዋ ወይዘሮ ትሁን የመጣች ዕለት ፀሐይ ነበር። ጠና ያለች፣ ባርኔጣ ያደረገች፣ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ እንኳን ዓይኗ መሬት የማይለቅ ሴት ናት። ኬላው ላይ ጫማዋን ያጠበችላት ባንቺአምላክ ራሷ ናት፤ ውኃውን አብዝታ ስለከፈተችው የእንግዳዋን ቀሚስ ነካው። አብረው ወደ ማሳው ሄዱ። ሰው ቀድሟቸው ተሰብስቧል፤ የክት ልብስ የለበሰም ነበር። ወደ መሀል መንገድ ሲለቁላቸው ባንቺአምላክ ተክሉን አየች፤ ቀጥላም ከተክሉ ሥር ያለውን አየች፤ ቆመች።

በተክሉ ዙሪያ ያለው መሬት ነጭ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ኖራ፣ ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ሳይዛነፍ ተነስንሷል።

ይበልጣል ፊቱ ዐመድ መሰለ። አየነው ሳይታወቀው በእግሩ አፈር ሊገፋበት ጀመረና ባንቺአምላክ ክንዱን ይዛ አስቆመችው።

"ይህን ያደረገው ማነው?" አለች መርማሪዋ። ድምፅዋን አላነሣችም። የሰው ማሳ ላይ አንዳች ነገር የጨመረ ሰው የራሱን ማሳ እስከማጣት ሊቀጣ እንደሚችል ለሁሉም ተናገረች። ይህን ያህል የላመ ኖራ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ባንቺአምላክም አወቀች። ወደ ትዋበች አላየችም።

"ማሳው የኔ ነው" አለች። "እዚህ ላይ ለተደረገው የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"አንቺ ዝም በይ" አለች ትዋበች ከኋላ። ምርኩዟን እየተከለች ወደ ፊት መጣች። "እኔ ነኝ። በወንፊት ነፍቼ ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል መሬቱ ባዶውን ይታያል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?" ከዚያ የይበልጣልን ፊት አየች፤ የባንቺአምላክን አየች፤ ከኖራው ክብ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ኖራውን በሁለት ጣት አሸት አደረገችው።

"አምሯል" አለች። "ግን ይህ ተክል አይቆጠርም።"

አየነው ራሱን ያዘ። ባንቺአምላክ አላለቀሰችም፤ መርማሪዋን ብቻ ታያት ነበር።

"ሌላስ የላችሁም?" አለች ወይዘሮ ትሁን።

"ሌላ ምን?" አለ አየነው።

"ሌላ አረም።"

ሰው እርስ በርስ ተያየ። መርማሪዋ፣ እዚህ ማሳ ላይ ሰው መቆም ከጀመረ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገሯት። በዚህ ሁሉ ጊዜ አራሚው አልወረደም? አልወረደም። እና ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲቱን ብቻ ነው ስትጠብቁ የነበራችሁት? አዎ አሉ፣ ትንሽ እያፈሩ። ወይዘሮ ትሁን ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ከኖራው ክብ ርቃ ሄዳ፣ ስንዴውን በእጇ ለየት አደረገች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

አየነው ተጠግቶ አየ። ከጥፍር የማይበልጡ ሁለት ክብ ቅጠሎች ከአፈሩ ላይ ተለጥፈዋል። "ስንዴ" አለ።

"ስንዴ እንዲህ ይወጣል?"

አየነው የበለጠ ጎንበስ አለ። ስንዴ ሲወጣ አንድ ቀጭን ቅጠል እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ክብ ቅጠል ይዞ የሚወጣ ነገር ከመሬት አይቶ አያውቅም፤ እዚያ የቆመ ማንም ሰው አይቶ አያውቅም። ለሳምንታት ዓይናቸውን ተክለው የቆዩት በአንዲቱ ትልቅ ተክል ላይ ነበር፤ አረም ትንሽ ሆኖ እንደሚጀምር የነገራቸው አልነበረም።

መርማሪዋ ከዚያ ወዲያ ያለውን አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ አለ፤ ይኼኛው ሁለት ሳይሆን ብዙ ቅጠል አውጥቷል። ይበልጣል ተንበርክኮ በስሙ ጠራው። አንዲት ሴት ወደ እግሯ ተመለከተችና ጮኸች ማለት ይቻላል፤ ከእግሯ ሥር አለ። ያኔ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም የክት ልብስ የለበሰውም፣ አንድ እግሩን አነሣ። የት እንደሚያሳርፈው አላወቀም። እንደዚያ ሆነው ጥቂት ቆዩ። ትዋበች ብቻ ሦስት እግር ስላላት አልተንገዳገደችም።

ዘሮቹ ከየት መጡ ብላ ባንቺአምላክ ጠየቀች። ከየትም አልመጡም አለቻት መርማሪዋ፤ አብዛኞቹ እዚሁ ነበሩ፤ አፈር ውስጥ ተኝተው መድኃኒቱ እስኪያልፍ ይጠብቁ ነበር።

መለኪያዋን አወጣች። ኖራ ያልነካውን መሬት መርጣ አፈሩ ውስጥ ሰካች፤ አነበበች፤ ነቀለች። ከዳር ሄዳ ደገመችው። በትዋበች ድንበር በኩልም ሞከረችው። እዚያ ስትደርስ ብዙ ቆየች። ከዚያ መለኪያውን በጨርቅ ጠርጋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች።

"ይህ ማሳ ክፍት ነው" አለች።

መጀመሪያ ማንም አልጨበጨበም። በነጭ ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ምን እንደሚደረግ ልማድ አልነበረም። እልልታውን ያስጀመረችው ትዋበች ናት፤ ምርኩዟን ለሰው ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ለአፏ አድርጋ። መርማሪዋ እልልታው እስኪያበቃ ጠብቃ፣ ኖራዋን ከሰው ማሳ ላይ እፍኝ ሳታስቀር ሰብስባ ወደ ራሷ ማሳ እንድትመልስ አዘዘቻት። ቅጣቱ ይኸው ሆነ። ትዋበች በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ ስትሰበስብ ባንቺአምላክ ከጎኗ ቁጭ ብላ ባልዲውን ያዘችላት።

ከመሄዷ በፊት ወይዘሮ ትሁን አንድ ነገር አስታወሰቻቸው። አራሚው ከእንግዲህ እዚህ ማሳ ላይ አይወርድም። አረሙን በእጃቸው ነው የሚያርሙት።

በተከታዩ ክረምት ባንቺአምላክ ባቄላ ዘራች። ግንቦት ላይ ትዋበች ማሳዋን ግማሹን ብቻ ነው ያነጣችው፤ ስለ ሌላው ግማሽ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። አተላውን ግን ለሰው መስጠት አቆመች።

ባቄላው ወጣ። አረሙም ወጣ፤ ከባቄላው ቀድሞ፣ ከባቄላው በርትቶ፣ ይበልጣል ስሙን ከስልኩ ፈልጎ የማያገኘው ዓይነት ሁሉ ወጣ። ወንፈል ተጠራ። ነጭ ሜዳ በእጁ ሲያርም በሰው ትዝታ የመጀመሪያው ነበር፤ አያያዙንም ማንም አያውቅም። ቆመው የሚነቅሉ ወገባቸውን ያዙ፤ ተንበርክከው የሚነቅሉ ጉልበታቸውን ያዙ። አንዱ ረድፍ ሙሉ ባቄላ ነቅሎ በኩራት ሲያሳይ ባንቺአምላክ ከእጁ ተቀብላ አንድ በአንድ መልሳ ተከለችው። እሷ ራሷ አትሳሳትም ማለት አይደለም። ጣቶቻቸው አረንጓዴ ሆኑ፤ ቀለሙ በውኃ አልለቅ አለ፤ ገበያ ሲሄዱ እጃቸውን ከነጠላቸው ውጭ አድርገው ነበር የሚሄዱት።

አየነው በመንገዱ በኩል ያለውን ዳር ያርም ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ የጭነት መኪና ቆመ፤ ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ አለ። ግራና ቀኙ እስከ ኮረብታው ድረስ እኩል የቆመ፣ ንጹሕ ስንዴ ነው። መሀል ላይ ደግሞ ይህ፤ ከፍ ዝቅ ያለ፣ የተዘበራረቀ፣ ሰው የሚርመሰመስበት።

"ወንድም፣ ይኼ አረም የበላው ማሳ የማን ነው?" አለ ሹፌሩ።

አየነው ቀና አለ። ወገቡን አስተካከለ፤ ሰውየው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

"የባንቺአምላክ ነው" አለ። "እኔ ባሏ ነኝ።"